ሊንክም እንደ ጨርቅ ይነከራል

እኔ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልጅ ነኝ። አስቀድሜ የተናገርኩት፣ ኋላ ምክር ስሰጥ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» እያላችሁ እንዳትደክሙ ብዬ ነው። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። አፌም አብሮ ይሠራል።

ያን ዕለት ቁልፍ ገዝተን ስንመለስ ዝናብ ያዘንና አንድ ባንክ ደጃፍ ተጠለልን። እዚያው አንድ ባለ ኮፍያ ሰው ቆሟል። ባለ ኮፍያው አክስቴ ዱሮ ሱሪ ያጠበበችለት ደንበኛ ነው።

«እማማ! አሁንም ይሰፋሉ? ዓይንዎን እየጨረሱ? ስልክ የለዎትም እንዴ?»

«ስልክ ምን ይሰፋል ልጄ?» አለች አክስቴ።

«እሱ አይሰፋም፣ ገንዘብ ያስገባል እንጂ! አንድ የጨርቅ መደብር አለ፤ ሱቁ ስልክ ውስጥ ነው። በስምዎ ሊንክ ይሰጡዎታል። እርስዎ ለደንበኞችዎ ይልካሉ። በእርስዎ ሊንክ ገብቶ ከገዛው ሰው ሁሉ ኮሚሽን ያገኛሉ፤ ከመቶ አርባ! ለመመዝገቢያ ትንሽ ነገር ይከፍላሉ። ግን እስከ እሑድ ብቻ ነው።»

መሐረብ የምታህል ቀይ የጨርቅ ናሙና እጇ ላይ አስቀመጠላት። እውነት ለመናገር ለስላሳ ነበረች።

ሰውየው ሳያውቀው ቁስሏን ነክቷል። አክስቴ ከዓምና ጀምሮ የመርፌ ቀዳዳ አይታያትም። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ለእኔም። እኔም ጠይቄ አላውቅም። ጠዋት ቀድሜያት እገባና አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብቼ መሰኪያዋ ትራስ ላይ እደረድራለሁ። «ለቁልፍ ሥራዬ ነው» እላለሁ። ከአሥሩ ስምንቱን የምትጨርሰው ግን እሷ ናት።

ሱቅ እንደገባን «እሑድ ሳይደርስ መዝግቢኝ» አለችኝ።

«አክስቴ፣ ባለ ኮፍያውን ነክረሽዋል?»

«ምን?»

አንባቢዬ፣ የአክስቴን ሥርዓት ካላወቃችሁ ነገሩ አይገባችሁም። እኛ ሱቅ የገባ ጨርቅ የማንም ይሁን የማን መቀስ ከመንካቱ በፊት ከጠርዙ አውራ ጣት የምታህል ተቆርጣ ውሃ ውስጥ ታድራለች። በማግስቱ አክስቴ አጠረች አላጠረች ብላ ትለካታለች፤ ቀለም ትለቃለች አትለቅም ብላም ነጭ ጨርቅ ላይ ታሻታለች። «ቸኩያለሁ» ያለች ሙሽራ እንኳ አልቅሳ ተመልሳለች።

«እሱማ የማውቀው ልጅ ነው» አለች። «ሱሪውን ያጠበብኩት እኔ አይደለሁ?»

«ወገቡን ነው የለካሽው። ሌላውን መች ለካሽው?»

«ሰባተኛ ክፍል ላይ ቀርተሽ ስለ ንግድ ልታስተምሪኝ?»

«ሰባተኛ ላይ ጥያቄ መጠየቅ አስተምረውኛል። መልሱ ስምንተኛ ላይ ነበር መሰለኝ። እስቲ ንገሪኝ፤ ሊንኩ የሚሄደው በማን ስም ነው?»

«በእኔ።»

«ጨርቁ ቢለቅ፣ ቢያጥር፣ ሰዎቹ ቀሚሳቸውን ይዘው የሚመጡት ወዴት ነው? ስልክ ውስጥ?»

ወንበሩን አየችው። ደንበኞቿ የሚቀመጡበትን፣ መደገፊያው የተላጠውን ወንበር።

«ደግሞ አርባው» አልኩ። «አንቺ ከአንድ ቀሚስ ላይ ከመቶ አርባውን ሰው ላመጣልሽ ብትሰጪ፣ ቀሚሱን በምን ትሰፊዋለሽ?»

«በነጠላ ክር» አለች፣ ሳታስበው። ከዚያ ከንፈሯን ነከሰች።

በማግስቱ ጥያቄዎቹን የልብስ ንድፍ ወረቀት ጀርባ ላይ በትልቁ ጻፍኩላትና ራሷ ለባለ ኮፍያው ደወለች።

«ልጄ፣ ደንበኛ ጨርቁን ልመልስ ቢልስ?»

«አይሉም እማማ፣ አያስቡ!»

«ኮሚሽኑ መቼ ነው የሚከፈለው?»

«ሲጠራቀም ነዋ።»

«ስንት ሲሆን?»

«እሱ... ይለያያል።»

«የተጻፈ ውል አላችሁ?»

«እኛ በመተማመን ነው የምንሠራው።»

«እሺ፣ ጨርቁን ብቻ ባሻሽጥስ? ሌላ ሰው ባላስመዘግብ?»

«እማማ! ዋናው ገቢ እኮ ሰው ማስመዝገቡ ነው!»

ስልኩን በቀስታ አስቀመጠች። ግን ተስፋ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም፤ ናሙናዋን እየዳበሰች «ጨርቁስ መልካም ነበር» አለች።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። የዝናቡ ዕለት ማታ፣ ሳልነግራት፣ እንደማንኛውም ገዢ ከመደብሩ ግማሽ ሜትር ቀይ ጨርቅ አዝዤ ነበር። ቅዳሜ ደረሰልኝ። ጥቅሉን ፊቷ ሳስቀምጥ አልተቆጣችም። ከናሙናውም ከመጣውም ቆረጠችና በሁለት ብርጭቆ ነከረቻቸው።

እሑድ እነሱን እየጠበቅን አለፈ። ማታ ላይ የናሙናዋ ውሃ እንደነበረ ነው። ከመደብሩ የመጣው ግን ውሃው ቀልቷል፤ ቁራጯም ሩቡን ያህል አጥራለች።

አክስቴ ብርጭቆውን ወደ አምፖሉ አንስታ አየችው።

«የመጀመሪያውን ሊንክ ለማን ልልክ እንደነበር ታውቂያለሽ? ለደንበኛዬ ለፋርማሲስቷ። ለልጇ ሚዜዎች ጨርቅ ትፈልጋለች። ከልጅነቷ ጀምሮ የሰፋሁላት ልጅ... ዓይኔ ነው ያቻኮለኝ።»

ይህን ቃል ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። እጇን ያዝኩ፤ ጣቶቿ በቀለሙ ቀልተው ነበር።

እንዲህም አልኳት፤ «ሥራው እኮ ክፉ አይደለም፤ ያልተነከረው ነው ክፉ። ዘጠኝ ዓመት ክር የምንገዛበት ሱቅ እንዲህ ያለ የሊንክ ሥራ አለው። መመዝገቢያ አያስከፍልም። ውሉ አንድ ገጽ ነው፤ ላንብብልሽ? ገዢው ካልወደደው በሁለት ሳምንት ይመልሳል። ላንቺም ወር በገባ ቁጥር ይከፈልሻል። ግን ከመቶ ሰባት ነው።»

«ሰባት ብቻ?»

«ሰባት። በድርብ ክር።»

ሳቀች። ውሉን ሁለቴ አስነበበችኝ፤ ሁለተኛውን እኔን ለመፈተን ነው። ለደንበኞቿ የሚላከውንም ራሷ እየተናገረች አስጻፈችኝ፤ «ይህን ክር ዘጠኝ ዓመት ሰፍቼበታለሁ። በዚህ ሊንክ ከገዛችሁ ለእኔም ትንሽ ይደርሰኛል። ካልተስማማችሁ መልሱት፤ አላዝንም።»

«ይደርሰኛል የሚለውን እንተወው?» ብላት፣ «ስሜ ያለበት ነገር ውስጥ ድብቅ ስፌት አልፈልግም» አለች። እዚህ ላይ አስተማሪዋ እሷ ሆነች።

የተገኘውን ጥቅም ልንገራችሁ። ሀብታም አልሆንንም። አንድም ደንበኛ ግን ያ ወንበር ላይ ተቀምጦ አላለቀሰም፤ የፋርማሲስቷ ልጅ ቀሚሷንም የሚዜዎቿንም እኛው ጋ አዘዘች። በአራተኛው ወር ደግሞ አክስቴ ከክሩ በመጣው ላይ ትንሽ ጨምራ ዓይን ሐኪም ጋ ሄደችና መነጽር አደረገች። እናንተም ሊንክ ሲሰጧችሁ ዕቃውን እንደ ገዢ ገዝታችሁ ሞክሩት፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ውል እንደሚከፍላችሁ ጠይቁ፤ «እስከ እሑድ ብቻ» ካሏችሁም እሑድ ይለፍ።

መነጽሩን አድርጋ ሱቅ የገባች ዕለት መጀመሪያ ያየችው እኔን ነበር። ቀረብ ብላ ፊቴን መረመረችው።

«አንቺ ልጅ፣ አድገሻል እኮ።»

ከዚያ አሥሩ መርፌዎች ወደተደረደሩበት ትራስ ዞረች። አንዱን ነቀለችና ቀዳዳውን ወደ መስኮቱ አድርጋ አየችው።

«አሁን ይታየኛል» አለች። «አንቺ ግን ክር ማስገባቱን እንዳትተዪ።»

«እኔማ ለቁልፍ ሥራዬ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች፤ መርፌውንም ይዛ ወደ ሥራዋ ተቀመጠች።