የአባባ ተሰማ ቼክ

ከካልቨር ሲቲ ወደ ፌርፋክስ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡ የእድር ገንዘብ ያዥ፣ አጠገባቸው ላለች ባንክ ለምትሠራ ልጅ አንድ አዛውንት አባል ለሐዘንተኛ መዋጮ የጻፉትን፣ ከባንክ የተመለሰ ቼክ አሳዩዋት።

«ሂሳባቸው ባዶ ሆኖ ነው አይደል?»

«አይደለም ጋሼ። ቀኑ አልፎበታል ነው የሚለው። ስድስት ወር ያለፈውን ቼክ ባንክ የመክፈል ግዴታ የለበትም።»

«አባባ ተሰማ እኮ ባለፈው ወር ነው የጻፉት!»

«ዓመቱን ይዩት፤ 2018። በእኛ አቆጣጠር ጽፈውት፣ ባንኩ ስምንት ዓመት የቆየ ቼክ መስሎታል። እርስዎስ ባንክ ሲያስገቡት አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ። ልክ መሰለኝ። ወይ ጉዴ!»

«ምነው?»

«ስብሰባ ላይ፣ ‹ለሐዘንተኛ ባዶ ቼክ የሚሰጥ ሽማግሌ› አልኳቸው።»

«እና ምን አሉ?»

«በማግስቱ ካሽ አምጥተው፣ እኔኑ ይቅርታ ጠይቀውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ወደ እድሩ አልመጡም።»

«ታዲያ አሁኑኑ ይደውሉላቸዋ!»

«በስልክ? የሰደብኳቸው እኮ በማይክ ነው፣ የኔ ልጅ።»

እኔ በዚያ ስብሰባ ስላልነበርኩ ተመስገን ልል ነበር፤ ብኖርም ስድቡን አምኜ እንደምቀመጥ ሳስብ ግን ተውኩት።