ጓዝ ከመጫኑ በፊት

አቶ ይርሳው እስራኤል ውስጥ ከቂርያት ማላኺ ከተማ ወደ ያቭነ ከተማ ቤት ሊቀይሩ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ ባዶ ጆንያ ታቅፈው ከገበያ ሲመለሱ ከጎረቤታቸው ልጅ ከሊኖር ጋር ደረጃው ሥር ተገናኙ። ሊኖር ቤኤር ቱቪያ ከሚባል ሰፈር ካለ አንድ መጋዘን ውስጥ የጭነት ኃላፊ ናት።

«አባባ ይርሳው፣ እንደምን ዋሉ? ዕቃው ተሰናዳ?»

«ምን ያስቸኩላል ልጄ? ሐሙስ መኪናው ሲመጣ በጆንያ እየከተቱ መጫን ነው።»

«የእማማ ማናዬ መድኃኒትስ የትኛው ጆንያ ውስጥ ይገባል?»

ሚስታቸው ማናዬ ስኳር አለባቸው፤ መርፌያቸውን ሰዓት ጠብቀው ይወጋሉ። ይርሳው ግን ነገሩን በሳቅ አለፉት።

«ስሚ ልጄ፤ ከጎንደር ተነሥተን በእግራችን ሱዳን ስንገባ የቱ ከየት ይግባ ብሎ ማን ወረቀት ጻፈ? አገር ያቋረጠ ሰው ሰፈር መቀየር ያቅተዋል?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በዚያ መንገድ ውሃውን የያዘው ማን ነበር?»

«አጎቴ ጓዴ።»

«ስንቁንስ?»

«ስንቁ የተጫነባትን አህያ የምነዳ እኔ ነበርኩ። ክብሪቱ ከእናቴ መቀነት፣ ኦሪቱ ከቄሱ ዘንድ...»

«እንግዲያ ያለ ዕቅድ አልመጣችሁም» አለች ሊኖር በትሕትና። «ማን ምን እንደያዘ ሁላችሁም ታውቁ ነበር። ዛሬ ወረቀት ያስፈለገው ዕቃው ስለ በዛ ነው።»

ሽማግሌ በአንድ ቃል አይረታም። «እሱስ ይሁን። ግን ሰው ሳይወጣ ቤት ማፍረስ ደግ ነው? ሦስት ቀን ሙሉ ባዶ ግድግዳ ስናይ ልንከርም?»

«ኧረ የለም! ዛሬ የምታሽጉት እስከ ሐሙስ የማትነኩትን ብቻ ነው፤ የበዓሉን ሳህን፣ የክረምቱን ብርድ ልብስ። ነገ ልብሱን። ማድቤቱ መጨረሻ ላይ ነው። በየካርቶኑ ላይ የሚገባበት ክፍል ይጻፍበት። መርፌውና ሰነዱ በማቀዝቀዣ ቦርሳ... ይቅርታ፣ መርፌው በማቀዝቀዣ ቦርሳ፣ ሰነዱ ለብቻው፤ ሁለቱም ከእጃችሁ አይለዩ። ለአዲሱ ሕንጻ ቫዓድ፣ ለነዋሪዎቹ ኮሚቴ፣ ደውለው አሳንሰሩን ያስይዙ፤ አምስተኛ ፎቅ ነው። ቁም ሣጥኑስ በበሩ ይገባል? ለክተውታል?»

አልለኩትም። በማግሥቱ ያቭነ ሄደው በሩን ቢለኩት ቁም ሣጥኑ በአንድ ስንዝር በለጠው። ይርሳው ቤት ተመልሰው መፍቻ አመጡና ቁም ሣጥኑን ፈቱት። ከዚያ ጆንያውን ትተው ካርቶን ፍለጋ ወጡ።

ሐሙስ ዕለት የጭነት መኪናው መንገድ ላይ ገዴራ ከተማ አጠገብ ተበላሽቶ ቆመ። ቀድመው በልጃቸው መኪና የደረሱት ባልና ሚስት ባዶው ሳሎን ወለል ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ እኩለ ቀን ሆነ። ማናዬ ቦርሳቸውን ከፍተው መርፌያቸውን ተወጉ፤ ዳቦም ቀመሱ። ይርሳው ያን ጆንያ አስታወሱ። እንዳሰቡት በጆንያ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ይሄን ጊዜ መንገድ ዳር በፀሐይ ይቀቀል ነበር።

መኪናው በዘጠኝ ሰዓት ደረሰ። አሳንሰሩ ተይዞላቸዋል፤ እያንዳንዱ ካርቶን ጽሑፉ እየታየ ወደየክፍሉ ገባ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አልጋው ተነጠፈ፤ ድስቱም ተጣደ።

ከወር በኋላ የማናዬ ወንድም አለምነህ ወደ ጋን ያቭነ ሊዛወር ሲል፣ «ያላ፣ በሉ እንነሣ፣ በአንድ ቀን እንጨርሰዋለን!» እያለ መጣ።

ይርሳው አስቀመጡት። «ቤሰደር፣ እሺ፣ ትጨርሳለህ። ግን አስቀድሞ የተሰናዳ ሰው ጉልበቱ ይተርፋል፣ ዕቃው አይሰበርም፣ ከሚስቱም ጋር አይጣላም። በል ወረቀት አምጣ።»

«ከምኑ ልጀምር? ከአልጋው?»

«ከሰዉ ጀምር። ማን ታማሚ እንደሆነ፣ ማን ደረጃ መውጣት እንደማይችል ጻፍ። ዕቃው ከዚያ በኋላ ነው።»