የቶርኪል ረግረግ

በአይላ ደሴት ሠላሳ ዓመት አስተምሬአለሁ። ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር በረግረጉ መንገድ ሳልፍ ሽማግሌው ቶርኪልና የእህቱ ልጅ ኡና ሲከራከሩ ደረስሁ። ቶርኪል ለውስኪ ብቅል ማጨሻ እንደ ከሰል የሚነደውን ጥቁር አፈር ከአባቱ በወረሰው ረግረግ ይቆርጣል። ኡና ተምራ የተመለሰች፣ የሰፈሩ ውስኪ ፋብሪካ የጠመቃ ኃላፊ ናት።

«መምህር፣ ደግ ሰዓት መጡ፤ ይፍረዱን!» አለኝ ቶርኪል። «የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ረግረጉን በመቁረጫ መኪና ላስቆርጥ፣ ፈርም አለኝ። ካልፈረምኩ አፈሩን ከሌላ ደሴት ሊገዛ ነው። ታዲያ እኔ ምን ልብላ? ይቺ ደግሞ እንዳትፈርም ትለኛለች።»

«አዎ፣ እንዳይፈርሙ!» አለች ኡና። «አጎቴ፣ በየአገሩ ጠጪው ቀንሷል፤ መጋዘኑ በርሜል ጠግቧል። ጎረቤት ፋብሪካዎች በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚጠምቁት። ለማን ብለን ነው በመኪና የምንቆርጠው? አፈሩን ፈርፍረን፣ አርጥበን ብናጨስበት ግማሹ ይበቃል።»

«ግማሽ ጭስ! እሱን ለሕፃናት አጠጪ።»

«በጥር ያሸተቱትን ብቅል ‹የአባቴን ዘመን አስታወሰኝ› አላሉም? በግማሹ ነው ያጨስሁት።»

«እንግዲያስ አፍንጫዬም አርጅቷል!» ብሎ ሥራውን ቀጠለ። የገፈፈውን የሣር ቆዳ አንሥቶ፣ ሣሩን ወደ ላይ አድርጎ አፈሩን በቆረጠበት ጉድጓድ ውስጥ አነጠፈና ረገጠው። አፉ የሚክደውን እጁ የሚያውቅ ሰው ብዙ አይቻለሁ።

«ለምን ይመልሱታል?» አለች።

«ይሄ ምን ይጠየቃል? ያልመለሰ ልጅ አባቴ በአካፋ እጀታ ነበር የሚለው። ረግረግ ሕይወት አለው፤ ቆዳውን ገፈሽ ከተውሽው ይሞታል።»

«አንድ ክንድ ያህል ተመልሶ እስኪያድግ ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«አምስት መቶ ዓመት።»

«መኪናውስ ቆዳውን ይመልሳል?»

ቶርኪል ቀና ብሎ ተመለከተ። ማዶ፣ ካቻምና በመኪና የተቆረጠው የሌላ ሰው ተዳፋት ተራቁቶ ቡናማ ውሃ ያፈሳል። ፈርም የተባለውን ወረቀት ከኪሱ አወጣ፤ ጉድጓዱ ውስጥ አኖረው፤ የሣር ቆዳ አለበሰውና በሁለት እግሩ ረገጠው።

«ለሥራ አስኪያጅሽ ንገሪው፤ መልሱ እዚህ ነው። የዛሬ አምስት መቶ ዓመት መጥቶ ያንብበው!»

ሥራ አስኪያጁ እንደዛተው ከሌላ ደሴት ገዛ። የማጓጓዣው ዋጋ አንገፈገፈው። ኡና ግን የራሷን ተራ ብቅል በቶርኪል አፈር ብቻ፣ በግማሹ፣ ስታጨስ ከረመች፤ ብቅሉ ሽታው አልጎደለም፤ ግማሹን ብቻ የሚቆርጠው የሽማግሌውም ወገብ ቀና አለ። ዘንድሮ በግንቦት ሥራ አስኪያጁ ራሱ ጫማውን ጭቃ አስነክቶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ የቶርኪልን አፈር ሊገዛ መጣ።

ቶርኪል አካፋውን ተደግፎ ጠበቀው።

«ምነው ጌታው፣ ቸኮሉ? አምስት መቶው ዓመት መች ሞላ!»