ቅቤ የተቀባው ሽቦ

ግራዝማች ወልዴ ቤቴን በሐሰት ምስክር የነጠቀኝ ባሌ በሞተ በዓመቱ ነው። ቤቱን ለማስመለስ ደሴ ድረስ ሄጄ ይግባኝ አልኩ። ስመለስ ከኮረም ወደ ሰቆጣ በተሳፈርኩበት የጭነት መኪና ላይ፣ አንድ የመብራት ሠራተኛና አንድ ጠና ያሉ ነጋዴ አጠገቤ ተቀምጠው ያወሩ ነበር።

«ግራዝማች ወልዴ ከመበለቷ በፍርድ የወሰዱትን ቤት መብራት የዘረጋኸው አንተ ነህ አሉ።»

«እኔ ነኝ፤ ግን ለሰው ባይነግሩብኝ ደስ ይለኛል።»

«ምነው? ያምራል እኮ!»

«ለአራት ሽቦ በሚበቃ ቱቦ ውስጥ ዘጠኝ ሽቦ አስጠቀጠቁኝ።»

«እንዴት ገባልህ?»

«አልገባም ሲል ከጓዳ ቅቤ አስመጡ። እንደ ሙሽራ ፀጉር ቀባብተን ጎተትነው።»

«ወይ ጉድ! ለካ የመብራቱ ሞተር በተነሳ ቁጥር ቤቱ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ የሚሸተው ለዚህ ነው!»

«ይስቃሉ እንዴ ጋሼ? ሽቦ ሲሠራ ይሞቃል። ሙቀቱ እንዲወጣ ከቱቦው ግማሽ የሚበልጠው ባዶ መሆን አለበት።»

«ታዲያ አልነገርካቸውም?»

«ነገርኳቸው። ‹ለባዶ ቦታ ብዬ ሰፊ ቱቦ አልገዛም፤ እኔ ቤት ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ነገር የለም› አሉኝ።»

«አሁንስ አይወጣም?»

«በጭቃ ተመርጎበታል። ግድግዳው ካልፈረሰ አይወጣም።»

«መጨረሻው ምን ሊሆን ነው?»

«አንድ ቀን መንደዱ አይቀርም። ያን ቀን የቤቱ ባለቤት የሆነ ሰው ይወቅበት።»

በሳምንቱ ደሴ ተመልሼ ይግባኜን ትቻለሁ ብዬ ፈረምኩ።