ወደ አገራቸው ያልተመለሱት የቤዝቦል ወርዋሪ

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ከታርኔት፣ ከፉትስክሬይና ከሜልበርን ሰፈሮች ሁሉ ለቀብር የመጣችሁ ወገኖቻችን፤ እኔ አስራት እባላለሁ፤ ከሟቹ ከአቶ ልዑልሰገድ ጋር ከልጅነት ጀምሮ በአንድ ክፍል ተምሬ፣ በአንድ መኝታ ቤት አድሬ ያደግሁ ነኝ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አዜብ ይህን እንዳነብ ሲያዙኝ «የሚያምር ነገር እንዳትጽፍ፤ የሆነውን ጻፍ» ስላሉኝ፣ የሆነውን ጽፌአለሁ፤ የሚከፋው ካለ ይከፋው።

አቶ ልዑልሰገድ ከአባታቸው ከአሥር አለቃ ወንድማገኘሁ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዋጋዬ በላቸው በ1960 ዓ.ም. በአሰበ ተፈሪ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በ1970 ዓ.ም. በምሥራቁ ጦር ግንባር ስለወደቁ፣ መንግሥት የሞቱለትን ወታደሮች ልጆች ሰብስቦ ለትምህርት ወደ ኩባ ሲልክ እርሳቸውም በአሥራ አንድ ዓመታቸው ከአሰብ ወደብ መርከብ ተሳፈሩ። እናታቸው ወደብ ድረስ መምጣት ስላልቻሉ የተሰናበቱት በአውቶቡስ መስኮት ነበር። ዳግመኛ አልተያዩም።

ትምህርት ቤታችን ባለባት የኩባ ደሴት ግማሽ ቀን እየተማርን ግማሽ ቀን ብርቱካን እየለቀምን ስናድግ፣ እኛ ሁላችን እግር ኳስ ስናሳድድ እርሳቸው ብቻ በኩባውያኑ ጨዋታ በቤዝቦል ተማረኩ። ለማያውቁት ልናገር፤ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው ዱላ ይዞ ሊመታ ይቆማል፣ የወርዋሪው ሥራ መቺውን ማታለል ነው። አቶ ልዑልሰገድ የሚወረውሯት አንዲት ኳስ ነበረቻቸው፤ ቀጥ ብላ ትመጣና መቺው ዘንድ ስትደርስ ደረጃ እንደሳተ ሰው ወደ ታች ትወድቃለች። የደሴቷ አሰልጣኝ ያችን ኳስ ባዩ ጊዜ ኮፍያቸውን አውልቀው መሬት ላይ ወረወሩ። እኔ ቆሜ አይቻለሁ።

በእርሻ መሣሪያዎች ጥገና ተመርቀው ወደ አገራቸው ቢመለሱም፣ እናታቸውን በሕይወት ስላላገኙና ያሳደጋቸው መንግሥትም ብዙ ሳይቆይ ስለወደቀ፣ በኬንያ በኩል ተሰደው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1993 ሜልበርን ገቡ፤ ከአንድ ዓመት በፊት የደረስኩት እኔም ብሬብሩክ ሰፈር በተከራየሁት ቤት ተቀበልኳቸው። በዚያ አሥርት ዓመት እዚህ አገር ቤዝቦል በደመወዝ የሚጫወቱት ሙያ ነበር፤ በአሜሪካ ክረምት ሲሆን ከዚያ የሚመጡ ወጣቶች ይጫወቱበት፣ በሺህ የሚቆጠር ሰውም ይመለከተው ነበር። አንድ ቀን ከፋብሪካ ሺፍት ስንመለስ አንድ ቡድን ሲለማመድ አይተው አጥሩን አልፈው ገቡ፣ ኳስ በምልክት ለመኑ፣ ያችን የምትወድቀውን ኳስ አሥር ጊዜ ወረወሩ። ዴቭ የሚባለው ኳስ ተቀባይ አሥሩንም ሳይዝ ቀረ። በሳምንቱ ፈረሙ።

የ1995ን የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ያየ ሰው ዛሬ በዚህ አዳራሽ ካለ እጁን ያውጣ። ጓደኛችን ሃብቶም በቫኑ አሥራ ሁለት ሰው አጭቆ ወስዶን፣ አሥራ አንድ መቺ ዱላውን በባዶ አየር ላይ አወናጭፎ አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ፣ እኛ ከመቀመጫው ላይ ቆመን «ልዑል! ልዑል!» እያልን ድምፃችን ተዘጋ። ክለቡ ስማቸውን መጥራት ስላቃተው «ሉ» ብሎ ሸሚዛቸው ላይ ጻፈ። ያን ጊዜ ሳቅን። ዛሬ አልስቅም።

በ1997 ቡድኑ ለፍጻሜ ሲደርስ የቀኝ ትከሻቸው ከታመመ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ ያየቻቸው ሐኪምም ስድስት ሳምንት እንዲያርፉ ጽፋ ደብዳቤውን ለክለቡ ሰጥታለች። የደብዳቤው ነገር ለእርሳቸው አልተነገረም። ስፓኒሽ እንደ አፍ መፍቻ ቢናገሩም እንግሊዝኛቸው ገና ስለነበር፣ የቡድኑ ኃላፊ የጨዋታው ዕለት እኔን ወደ ልብስ መቀየሪያው ጠርቶ «ጡንቻ ነው በለው። ዛሬ ካልወረወረ ነገ በቦታው ከካሊፎርኒያ የሚመጣ ልጅ አለኝ» አለኝ። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ እኔም አንብቤዋለሁ።

ወገኖቼ፣ ለሃያ ስምንት ዓመት ያልተናገርኩትን ልናገር። እርሳቸው ዓይኔን እያዩ «ሐኪሟ ምን አለች?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ እኔ «ምንም አላለችም። ጡንቻ ነው። ሰዉ ሁሉ መጥቷል፣ አታሳፍረን» አልኳቸው። ኃላፊው «አታሳፍረን» አላለም። እሱ የራሴ ቃል ነው። ከሃብቶም ቫን በወረዱት ወገኖቼ ፊት እንዳላፍር ብዬ የጓደኛዬን ትከሻ ሰጠሁ።

ወረወሩ። ከዘጠኙ ዙር በሰባተኛው እጃቸው ሲወርድ አየሁ፤ ፊታቸው አመድ ሆኖ ሁለት ዙር ጨመሩ፣ ቡድኑም ዋንጫውን በላ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ቀኝ እጃቸው ከደረታቸው በላይ አልወጣም፣ ወደ ፊትም አልተዘረጋም። ክለቡ በአንድ ገጽ ደብዳቤ አሰናበታቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ውድድሩ ራሱ ፈረሰ።

በ1998 ከወይዘሮ አዜብ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተጣምረው አምደሚካኤልንና ሀሴትን ወለዱ። በመጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እየነዱ፣ መሪውን በግራ እጃቸው እያዞሩ፣ ልጆቻቸውን አሳድገው ለዩኒቨርሲቲ አበቁ። እኛስ ምን አደረግንላቸው? ቤተ ክርስቲያን ደጅ ግራ እጃቸውን ለሰላምታ ሲዘረጉ «ንቆን ነው፣ ኳስ ተጫዋች ነበርኩ ብሎ ነው» ያልን፣ እጃቸውን ሳንጨብጥ ያለፍን ዛሬ ነጠላ አዘቅዝቀን ፊት ለፊት ተቀምጠናል። ስለ ትከሻቸው ለአንዳችንም አላስረዱንም። ቤታቸው ገብተው ግን ወይዘሮ አዜብን «ደረቴ ላይ ታርጋ ልለጥፍ እንዴ?» ይሏቸው ነበር።

ለትከሻው ሕመም ከሃያ ዓመት በላይ የዋጡት ክኒን ኩላሊታቸውን ስለጨረሰው፣ ከ2021 ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ደማቸው በማሽን ይታጠብ ነበር። በዚህ ሁኔታ ሳሉ ነው ባለፈው ዓመት የቀድሞው ክለብ ሰዎች የዘጠናዎቹን ተጫዋቾች ለመዘከር ግብዣ አዘጋጅተው የጠሯቸው። ከሀሴት ጋር ሄዱ። የፍጻሜው ጨዋታ ፊልም ታየ፤ መድረክ መሪውም የእርሳቸው ምስል ላይ ሲደርስ «ሉ ከድሉ በኋላ በራሱ ፈቃድ ጨዋታ አቁሞ ወደ አገሩ ተመለሰ» ብሎ አነበበ። አቶ ልዑልሰገድ ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ፤ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብለው፣ «ወደ አገሬ አልተመለስኩም። ታርኔት ነው የምኖረው» አሉ።

አዳራሹ ሳቀ። ቀልድ መሰላቸው። ሀሴት ብድግ ብላ «አትሳቁ!» ብላ ስትጮኽ ነው ሳቁ የቆመው፤ ከመቀመጫው የተነሣ ሰው አልነበረም፣ ዴቭ ብቻ ከኋላ መጥቶ አጠገባቸው ቆመ። ዴቭ ዛሬም እዚህ አለ፤ ከሣጥኑ ተሸካሚዎች አንዱ እርሱ ነው።

አቶ ልዑልሰገድ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ቤተሰባቸው በተሰበሰበበት፣ በተወለዱ በሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በማግሥቱ ክለቡ ደውሎ በቀብሩ ላይ የአምስት ደቂቃ ንግግር እንዲፈቀድለት ሲጠይቅ፣ ወይዘሮ አዜብ «ሃያ ስምንት ዓመት ነበራችሁ» ብለው ስልኩን ዘጉ። እኔ ትናንት ማታ ወደ እርሳቸው ሄጄ ስለ ደብዳቤው የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኳቸው። እርሳቸውም «ያውቅ ነበር። ሐኪሟ በወሩ ነግራዋለች። አንተ እስክትነግረው ነበር የሚጠብቀው» አሉኝ። በየገናው በየፋሲካው ከአንድ ትሪ ስንበላ እየጠበቁኝ ነበር ማለት ነው። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ሣጥን ውስጥ ነው።

አቶ ልዑልሰገድ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አዜብን፣ ልጆቻቸውን አምደሚካኤልንና ሀሴትን፣ ባለፈው ጥር የተወለደችውን የልጅ ልጃቸውን ናዝራዊትን፣ እንዲሁም በአሰበ ተፈሪ የሚኖሩትን እህታቸውን ወይዘሮ መሰረትን ትተው አልፈዋል።

የደካሞች ጌታ የወንድማችንን ነፍስ ሕመም በሌለበት አገር በክብር ይቀበልልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው ብርታቱን ይስጥልን። ለዋሸናቸውና አይተን ላለፍናቸው ለእኛ ግን፣ የበደልነውን በሕይወት ላለ ሰው ፊቱን እያየን እስክንናገር ድረስ፣ እንቅልፍ አይስጠን። አሜን።