ፔዳሉ ላይ የታሰረው ሰዓት

— ሄሎ? አቤት፣ ልብስ ስፌት ቤት ነው... አንቺ ነሽ እንዴ? የኔ እናት! እኔ ደግሞ ደንበኛ መስሎኝ ድምፄን አሳመርኩ።

— ደህና ነኝ... ሆስፒታል? ምን ልታደርጊ?... እ፣ የእኔን ውጤት። ዛሬ ነበር ለካ።

— እትዬ፣ አንድ ጊዜ ይታገሱኝ፣ ልጄ ናት። ቀሚስዎ አልቋል፣ ጫፉ ብቻ ነው የቀረው።

— እሰማሻለሁ... አልወረደም? ግፊቱም? ኮሌስትሮሉም?... ጭራሽ ጨምሯል።

— ሐኪሙ ግራ ገባው? በቀን አሥር ሺህ እርምጃ የሚሄድ ሰው እንዴት... ቆይ፣ ስልክሽ ላይ የሚደርስሽን የእርምጃዬን ቁጥር አሳየሽው? የሦስት ወሩን በሙሉ?

— ሄሎ... አለሁ፣ የስፌት መኪናውን ላቁም ብዬ ነው። አለሁ።

— በእጄ በኩል ምን ያስገባሉ? ቱቦ? እስከ ልቤ?... ማክሰኞ! በእግር ጉዞና በምግብ ካልተስተካከለ ችግሩ ሌላ ነው አለ... ቆይ ልጄ። ፈርመሻል?... አትፈርሚ። እባክሽ አትፈርሚ።

— ፈርቼ አይደለም! እንዴት ብዬ ልንገርሽ...

— እትዬ፣ እስቲ ትንሽ ደጅ ወጣ ቢሉልኝ... ፀሐይ ነው? እንግዲያው ይስሙ። ከዚህ ወዲያ ምን እፍረት አለ።

— ልጄ፣ ያ እርምጃ እንዲቆጥርልኝ የገዛሽልኝ ሰዓት እጄ ላይ አይደለም... አልጠፋም። ፔዳሉ ላይ ነው። የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አስሬዋለሁ። አንዴ በረገጥኩ ቁጥር እርምጃ ብሎ ይቆጥርልኛል።

— ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ። መጀመሪያማ ሄጄ ነበር፣ እስከ ድልድዩ። ጉልበቴን አመመኝና ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ሰዓቱ እጄን ሲያሳክከኝ ካልሲዬ ውስጥ ከትቼው ስሰፋ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ ደውለሽ «ጎበዝ አባቴ!» አልሽኝ... ስንት ዓመቴ ነው፣ ጎበዝ የሚለኝ ሰው ካጣሁ? ያቺን ቃል ለምጄ ቀረሁ።

— ሃያ ሁለት ሺህ የሄድኩበት ቀን?... የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ስልሳ ሱሪ።

— እየሳቅሽ ነው?... እያለቀስሽ ነው። ወይኔ።

— ሲጋራውን መተዌን?... እሱንም ልንገርሽ፣ አንዴ ከተዋረድኩ አይቀር። የአዝራር ቆርቆሮው ውስጥ ነው። በቀን አራት... አምስት። ጨውም መሳቢያው ውስጥ አለ። አንቺ ደክመሽ ሠርተሽ የላክሽው ላይ እየነሰነስኩ ነው የምበላው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ሰው ስመክር የኖርኩ ሰውዬ!

— ምን?... አንቺም በእግርሽ ትሄጂ ነበር? በየጠዋቱ? ከሥራ በፊት ተነስተሽ?... የእኔን ቁጥር እያየሽ፣ አባቴን አልደርስበትም እያልሽ...

— ሦስት ወር ሙሉ?

— ወይ ጉዴ። አብረን የምንሄድ መስሎሽ ብቻሽን ስትለፊ፣ እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻላል።

— ተቆጪኝ። የፈለግሽውን በይኝ፣ ልጄ።

— አይሆንም፣ ለሐኪሙ አንቺ አትንገሪው። ፊቱ ቆመሽ አባቴ ቀጣፊ ነው ስትዪ አይሆንም። መጥቼ በገዛ አፌ እነግረዋለሁ። ቱቦውም ያኔ ያስፈልጋል ካለ፣ እሺ።

— እትዬ፣ መቀሱን ያቀብሉኝ... አዎ፣ ትልቁን። እግዜር ይስጥልኝ። ቀሚሱን ነገ ይውሰዱ፣ አይቀየሙኝ።

— ትሰማኛለሽ? ቆርጬ ፈታሁት። አሁን እጄ ላይ ነው፣ ያሳክካል... ታክሲማ አልይዝም። ቀስ እያልኩ በእግሬ ነው የምመጣው። ቁልቁለት ነው፣ አይከብደኝም።

— እስከ ድልድዩ ትመጪልኛለሽ?... ሳይገባኝ።

— እንግዲህ ስልክሽን እያየሽ ነይ። ቁጥሯ ትንሽ ትሆናለች፣ በየመሀሉም ትቆማለች። ስትቆም እያረፍኩ ነው፣ አትደንግጪ። የዛሬው ግን ፔዳሉ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

— በይ ልዝጋው። መጣሁ።