አሪያት የተወችው ባዶ ቦታ

ክልላችን አዲስ ተቋቁሞ ገና ቢሮ በሚከፍትበት ጊዜ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፣ አሪያት ደግሞ የሆስፒታላችን ታይፒስት። አንድ ዓሣ አጥማጅ ሕመሙ ጠንቶበት ወደ ጅማ ልንልከው ስንል፣ ዶክተሩ የሪፈር ደብዳቤውን በቃሉ አጻፋት። መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ወረቀቱን ስቀበላት መሐሉ ላይ ባዶ ቦታ! «ይሄ ምንድነው?» አልኳት። «የመድኃኒት ስም ነው። አዲስ ሆነብኝ፣ አላውቀውም። ዶክተር ራሱ ይጻፈው።» «የመሰለሽን ጻፊና ስጪኝ! ጅማ ያሉትም ሐኪሞች ናቸው፣ ይገባቸዋል።» «የመሰለኝን አልጽፍም» ብላ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ወደ ዋርድ ገሠገሠች። እያጉረመረምኩ ተከተልኳት።

ዶክተሩ ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሣና ቀጥ አለ። «እስቲ ካርዱን አምጡልኝ» አለ። ካርዱ ላይ «አይስማማውም» ተብሎ በቀይ የተጻፈው፣ ቅድም ያጻፋት ያው መድኃኒት ነው! ወዲያው የሌላ መድኃኒት ስም ጻፈላት፤ እሷም ፊደል በፊደል እያየች መታችው።

መኪናው ከሄደ በኋላ አላስችል አለኝ። «አሪያት፣ መሳሳቱን በምን አወቅሽ?»

«እኔ ምን አውቄ?» አለችኝ፣ ታይፗን እየሸፈነች። «ባላውቅ አይደል ባዶ የተውኩት!»